በላይን ሰላይ እንዳያደርገው፦ የታተመ ገጽን ወደሚታረም ጽሑፍ ስለ መመለስ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በቢቸናና በሞጣ፣ በሁለቱ ከተሞች ዙሪያም ላላችሁ መምህራን፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ የእድርና የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎች ይጠቅማል ያልነውን ጉዳይ ይዟል። በየመካከሉ የምትመዘግቧቸው ነገሮች ስላሉ ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ቢኖር መልካም ነው።

አንድ የእድር ሊቀመንበር ከብዙ ዓመት በፊት የታተመ የመተዳደሪያ ደንብ ይዘው ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ይገባሉ እንበል። «ልጄ፣ እዚህ አንቀጽ ላይ ያለውን የመዋጮ ልክ ብቻ ነው የምንለውጠው» ይላሉ። «ሶፍት ኮፒው አለ ወይ፣ አባባ?» ትላቸዋለች ጸሐፊዋ። የለም። ያኔ የጻፈው ልጅ አገር ለቋል፤ ፍላሹም የት እንደ ወደቀ አይታወቅም። «ስካን ብታደርጊውስ?» ይሏታል። «ስካን አደርገዋለሁ፤ ግን አይታረምም» ትላለች። አንዲት ቁጥር ለመለወጥ ሲባል ደንቡ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንደ አዲስ ይተየባል፤ ክፍያውም በገጽ ይታሰባል።

ስካን የተደረገው ለምን አይታረምም? ስካነር የሚሠራው ካሜራ የሚሠራውን ስለሆነ ነው። ገጹን ፎቶ ያነሣል። ፎቶው ውስጥ ያለው እዚህ ጥቁር ነጥብ፣ እዚያ ነጭ ነጥብ ብቻ ነው። እኛ አይተን «ሀ» እንላለን እንጂ ኮምፒውተሩ ዘንድ «ሀ» የሚባል ነገር አልተመዘገበም። በቁልፍ ሰሌዳ ስንጽፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። የፊደላችን መለያ ቁጥሮች ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገቡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሲሆን፣ ያን ጊዜ 345 ምልክቶች ተመዝግበዋል። ፎቶውን አይቶ ነጥቦቹን ወደ እነዚህ ቁጥሮች የሚመልሰው የሶፍትዌር ዓይነት ኦሲአር ይባላል። ገጹ በዚያ ካለፈ በኋላ ቃል ይፈለግበታል፣ ይሰረዛል፣ ይጨመርበታል፣ ፎንቱም ይለወጣል።

ከዩኒኮድ በፊት የተሠራ ፋይል ያላችሁም ኦሲአር ይጠቅማችኋል። በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት በላቲን ፊደላትና በምልክቶች የተሞላ ትርጉም የለሽ ነገር ሆኖ ይታያል። ፒዲኤፍ ከሆነ ደግሞ ለዓይን አማርኛ ሆኖ እየታየ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ወርድ ላይ ስትለጥፉት ይዘበራረቃል። እንዲህ ያለውን ፒዲኤፍ ወደ ሥዕል ለውጦ በኦሲአር ማስነበብ ብዙ ጊዜ እንደገና ከመተየብ ያድናል።

የአማርኛ ኦሲአር ትናንት የተጀመረ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወርቁ ዓለሙ በርእሱ ላይ የማስተርስ ጥናቱን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በተከታዮቹ ዓመታት ኤርምያስ አበበ፣ ደረጀ ተፈሪና ሚሊዮን መሸሻ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ገፉበት። የደረጀ ጥናት በታይፕ በተጻፈ ገጽ ላይ ያተኮረ ነበር። ሚሊዮን ቆይቶ ሕንድ አገር ሃይደራባድ ውስጥ ለዶክትሬት ዲግሪው ይህንኑ ጉዳይ ቀጠለ። ያሬጋል አሳብዬ በበኩሉ ስዊድን ውስጥ በሃልምስታድ ዩኒቨርሲቲ በታተመውም ሆነ በእጅ በተጻፈው የግዕዝ ፊደል ላይ ሠርቷል። ከእኛው ክልል ደግሞ የባሕር ዳር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ብርሃኑ ኃይሉ በላይ ጀርመን ሆኖ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ለማሽን ማሠልጠኛ የሚሆኑ 337,337 የአማርኛ የመስመር ሥዕሎችን ከትክክለኛ ጽሑፋቸው ጋር አዘጋጅተው ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት አድርገዋል።

ከብርሃኑ ሥራዎች አንዱን ላብራራ፤ ፊደል ገበታ ላይ ለቆጠረ ሰው ሁሉ ቶሎ ይገባል። ላቲን የሚያነብ ማሽን ትልቁንም ትንሹንም ቢቆጥር 52 ፊደል መለየት ይበቃዋል። የእኛ ግን 33ቱ መነሻ ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ እነ ቋና ጓ ገና አልተጨመሩም። ከዚያም በላይ ብዙዎቹ ከወንድማቸው የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው። እነ ብርሃኑ ማሽኑ ሁሉንም አንድ በአንድ እንዲለይ ከማድረግ ይልቅ ሁለት ጥያቄ እንዲመልስ አሠለጠኑት፦ ይህ ፊደል በገበታው ላይ በየትኛው ረድፍ ነው? በየትኛውስ ዓምድ? ረድፉ «በ» ቤት፣ ዓምዱ ራብዕ ከሆነ «ባ» ነው። ልጅ በስንደዶ እየጠቆመ ሲቆጥር እንደሚያደርገው ማለት ነው። ገበታው ለማስተማሪያ በዚያ ቅርጽ መሰናዳቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ለማሽንም ትምህርት መሆኑ እኔን በጣም ያስደስተኛል።

ከዚሁ ጥናት ቡድን ሌላ የምናገኘው ቁም ነገር አለ። ማሽኑ በኮምፒውተር በተሠሩ ንጹሕ መስመሮች ላይ ሲፈተን ስሕተቱ ጥቂት ነበር፤ ከእውነተኛ ወረቀት በተነሡ መስመሮች ላይ ግን ስሕተቱ ከፍ አለ። ወረቀት ይጎብጣል፣ ቀለም ይፈስሳል፣ ስካነር ያጋድላል። ስለዚህ የኦሲአር ሥራ ግማሹ የሚያልቀው ገና ፎቶ ሲነሣ ነው። አሁን እስክሪብቷችሁን አንሡ።

ስካነር ካላችሁ 300 ዲፒአይ ላይ አድርጉት፤ ፊደሉ ደቃቅ ከሆነ 400። «ጥቁርና ነጭ» የሚለውን ትታችሁ «ግሬይ» የሚለውን ምረጡ፤ ደብዛዛዎቹ ጭረቶች እንዳይጠፉ። በስልክ የምታነሡ ከሆነ ፍላሹን አጥፉና መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ አንሡ። ስልኩ ከገጹ ትይዩ ይሁን፤ መስመሮቹ አያጋድሉ፤ የእጃችሁም ጥላ አይረፍበት። ወረቀቱ ስስ ሆኖ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት የሚታይ ከሆነ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አስገቡ። ይህች ጥቁር ወረቀት ብዙ ሰው የማያውቃት መላ ናት። የጀርባው ፊደል ይጠፋል፤ ማሽኑም ሁለት ገጽ በአንድ ጊዜ ለማንበብ አይታገልም። እንደ አዲስ ዘመን ያለ በዓምድ የተከፋፈለ ጋዜጣ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ዓምድ ለየብቻ ቁረጡት፤ አለዚያ የአንዱን ዓምድ መስመር ከሌላኛው ጋር አገናኝቶ ያነበዋል።

ቀጥሎ ማስነበቢያው ነው። ኢንተርኔት ሲኖር ቀላሉ ጉግል ድራይቭ ነው። ሥዕሉን ወይም ፒዲኤፉን በኮምፒውተር ድራይቭ ላይ ትጭናላችሁ፤ ፋይሉን በማውዙ ቀኝ ቁልፍ ነክታችሁ «ኦፕን ዊዝ» የሚለውን፣ ከዚያ «ጉግል ዶክስ» የሚለውን ትመርጣላችሁ። ጥቂት ይቆይና አዲስ ሰነድ ይከፈታል፤ ከላይ ሥዕሉ፣ ከሥሩ የተነበበው ጽሑፍ። ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት ባይበልጥ ይመከራል፤ ስለዚህ ትልቅ መጽሐፍን በጥቂት በጥቂት ገጽ ከፋፍሉት። የገጹ አቀማመጥ፣ ሠንጠረዡና የፊደሉ መጠን እንዳለ ይመጣል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። የሚመጣው ንባቡ ነው።

ኢንተርኔት በሌለበት ደግሞ ቴሴራክት አለ። ይህ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ በኋላም ጉግል ደገፈው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አራተኛው ስሪት ፊደል በፊደል ማንበቡን ትቶ ሙሉ መስመርን በአንድ ላይ የሚያነብ ስልት ይዞ መጣ። አማርኛም ትግርኛም አለው፤ በነጻ ይገኛል። ትእዛዝ መጻፍ ለማይወድ ጂኢሜጅሪደር የሚባል በመስኮትና በቁልፍ የሚሠራ ማቀፊያ ተዘጋጅቶለታል። ኢንተርኔት ባገኛችሁ ቀን የአማርኛውን ዳታ አንድ ጊዜ ካወረዳችሁ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥም ሥራችሁ አይቋረጥም። ሌላም ጥቅም አለው። የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የውርስ ሰነድ ጉግል ላይ ስትጭኑ የሰው ምስጢር ከእጃችሁ ወጥቶ ሩቅ ያለ የኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ሰነድ ይዞላችሁ የመጣ ባለጉዳይ አምኗችሁ ነውና በእናንተው ማሽን ላይ፣ በቴሴራክት አስነብቡት።

ከዚህ በኋላ ያለው የሰው ሥራ ነው፤ ዛሬ በአጽንኦት ልናገር የመጣሁትም ይህንኑ ነው። አንድ የመጽሐፍ ገጽ 1,500 ፊደል አለው እንበል። ማሽኑ ከመቶ ፊደል 98ቱን በትክክል ቢያነብ ሥራው አድናቆት ይገባዋል። ነገር ግን በዚያ ገጽ ላይ 30 ስሕተት አለ ማለት ነው። ከሠላሳው ብዙዎቹ ቃሉን ትርጉም ስለሚያሳጡት ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባሉ። የሚያስፈራው ተሳስቶም ሌላ ትክክለኛ ቃል የሚሆነው ነው።

ቢቸና ስሙ ከሚጠራበት አርበኛ እንነሣ፤ በላይ ዘለቀ። «በ»ን ጻፏት፤ ሁለት እግር አላት፣ አናቷ ጠፍጣፋ ነው። «ሰ»ን ከጎኗ ጻፏት፤ እሷም ሁለት እግር አላት፣ አናቷ ግን ሹል ነው። ቀለሙ በደከመ ወረቀት ላይ ጠፍጣፋው አናት መሐሉ ጎላ፣ ዳርና ዳሩ ፈዘዝ ቢል ለማሽኑ ሹል መስሎ ይታየዋል። ያን ጊዜ «በላይ» የሚለው ስም «ሰላይ» ተብሎ ይነበባል። ሁለቱም አማርኛ ናቸው፤ ፊደል አራሚ ሶፍትዌርም ቀይ መስመር አያሰምርባቸውም። አርበኛውን ሰላይ ያደረገ ገጽ ታትሞ ቢሰራጭ ማን ይመልሰዋል? ሌላም ልጨምር። «ሰጠ» እና «ሰጡ» የሚለያዩት በጠ ወገብ ላይ በምትቀጠል አንዲት ጭረት ነው። በመሬት ክርክር ሰነድ ላይ ያቺ ጭረት ብትጠፋ መሬቱን የሰጠው አንድ ሰው ነው ወይስ ብዙ ሰዎች የሚለው ይለወጣል።

የቦታ ስም ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ማሽኑ የሠለጠነው ብዙ ጊዜ ባጋጠሙት ቃላት ነው። እነማይ፣ እናርጅ እናውጋ፣ ሁለት እጁ እነሴ፣ እነብሴ ሳር ምድር፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ፣ ሸበል በረንታ፤ እነዚህን ስሞች ስንት ጊዜ አይቷቸው ይሆናል? ስለዚህ «እነማይ»ን «አነማይ» ቢለው፣ «እነሴ»ን ወደሚያውቀው ሌላ ቃል ቢጎትተው አይግረማችሁ። አዲስ አበባ የተቀመጠ አራሚም ስሙን ካልሰማው ስሕተት መሆኑን አያውቅም። የምሥራቅ ጎጃም ሰነድ መታረም ያለበት እዚሁ፣ ስሙን ከአፉ በሚያወጣ ሰው ነው ብዬ በጽኑ የማምነው ለዚህ ነው።

አራሚዎቹ ሁለት ይሁኑ። አንዱ ከወረቀቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ሌላው ኮምፒውተሩ ላይ በዓይኑ ይከተል። ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ባሉበት አገር ንባብን ከመምህር ፊት ቀርቦ ማስደመጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ ተማሪው ሲሳሳት መምህሩ ወዲያው ይመልሱታል። በውጭው ዓለምም ዲስትሪቡትድ ፕሩፍሪደርስ የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያረጁ መጻሕፍትን ወደ ጽሑፍ ሲመልሱ፣ እያንዳንዱ ገጽ በተለያዩ ሰዎች ዓይን ተራ በተራ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ስምና ቁጥር ሲደርስ ቆም በሉ፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጥሩት።

በእርማት ጊዜ የድሮውን ጽሑፍ አጻጻፍ አትለውጡ። ወረቀቱ «ጐጃም» ካለ «ጎጃም» አታድርጉት፤ «ብቸና» ካለም «ቢቸና» ብላችሁ አታቃኑት። ሥራችሁ የታተመውን እንዳለ ማምጣት ነው። ኋላ ቃል ስትፈልጉ በሁለቱም አጻጻፍ ፈልጉ። ሥርዓተ ነጥቡንም አስተውሉ። በቀደሙት መጻሕፍት ከየቃሉ በኋላ ሁለት ነጥብ አለ፤ ማሽኑ አንዳንዴ የእንግሊዝኛ ኮለን ያደርገዋል፣ አንዳንዴ ጨርሶ ይውጠውና ሁለት ቃል ይገጥማል። አራት ነጥብም ሁለት ኮለን ሆኖ ይመጣል፤ ይህን «ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» በሚለው ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ማስተካከል ይቻላል። የግዕዝ ቁጥር ያለበት ገጽ ግን አቋራጭ የለውም፤ በዓይን ብቻ ነው።

በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ለብቻው ይነሣ። ቢቸናና ሞጣ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃዎች በነበሩበት ዘመን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚጻፈው በታይፕ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም በእነዚሁ ሁለት አውራጃዎች ሕዝቡ ሲነሣ፣ ከገዢዎቹ ወገን የተጻጻፉት ደብዳቤዎችና ሪፖርቶችም የዚያው ዘመን ናቸው። እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ዛሬ የታሪክ ሀብት ናቸው። የአማርኛ ታይፕ ግን ብዙውን ፊደል በሁለት ምት ነበር የሚሠራው፤ መጀመሪያ መነሻው፣ ከዚያ በላዩ የካዕብ ወይም የሣልስ ጭረቱ። ሁለተኛው ምት ጥቂት ከሳተ ጭረቷ ከፊደሉ ተነጥላ ትቀራለች፤ ማሽኑም እንደ እድፍ ቆጥሮ ይተዋታል። በካርቦን የተባዛው ቅጂ ደግሞ የፊደሎቹ ዳር ይደበዝዛል። ለታይፕ ገጽ ከመጀመሪያው ብዙ እርማት ጠብቁ። አንዳንዱን እንደ አዲስ መተየብ ይሻላል፤ ጸሐፊዋ የመጀመሪያውን ገጽ ሞክራ ከእርማቱና ከመተየቡ የቱ እንደሚፈጥን ታመዛዝን። በእጅ የተጻፈውም ገና ብዙ ይቀረዋል። እነ ብርሃኑ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፉ የእጅ ጽሑፎች ወደ 80,000 የሚጠጉ መስመሮችን ለጥናት አዘጋጅተው አቅርበዋል፤ ነገር ግን ብራናን አስነብቦ ያለ ሊቅ ዓይን ማመን የሚቻልበት ጊዜ ላይ አልደረስንም።

ሕጉንም እንወቅ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ታሪኩም ዲማን ረግጦ ያልፋል። ስለዚህ «የኛው አገር መጽሐፍ ነው» ብሎ ሙሉውን በኦሲአር አስነብቦ ቴሌግራም ላይ ለመልቀቅ የሚቸኩል ይኖራል። ደራሲው ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ ግን መብቱ የወራሾች ነው፤ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት አይገባም። አዋጆች፣ ደንቦችና የፍርድ ቤት ውሳኔዎች በቅጂ መብት አልታጠሩም፤ እነሱን በነጻነት ሥሩባቸው። የእድራችሁ ደንብም የራሳችሁ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነሣ ወጋየሁ ንጋቱን አለማንሳት አይቻልም። በሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረውም ዓይኑ የማያይለትም እኩል ሰምቶታል። ዛሬ ኤንቪዲኤ የሚባል በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር በኮምፒውተር ላይ ያለውን አማርኛ ጽሑፍ ለዓይነ ስውር ተጠቃሚ ድምፅ አውጥቶ ያነባል። የሚያነበው ግን ጽሑፍን ነው። በስካን የቀረ የመማሪያ መጽሐፍ ለእሱ ባዶ ገጽ ነው፤ አንዲት ቃል አይሰማበትም። በቢቸናም በሞጣም ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ያሏችሁ መምህራን፣ የክፍል ማስታወሻችሁንና የፈተና ልምምዳችሁን በሥዕል አትስጧቸው፤ አስነብባችሁ፣ አርማችሁ ስጧቸው። ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ብትሠሩ እመርጣለሁ።

በመጨረሻ ስለ አቀማመጡ። ጽሑፉ ስለተገኘ ሥዕሉን አታጥፉ፤ ክርክር ሲነሣ ምስክሩ እሱ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም፣ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ ለምሳሌ «የእድር ደንብ፣ ገጽ 1፣ ሥዕል» እና «የእድር ደንብ፣ ገጽ 1፣ ጽሑፍ»። አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር ይኑር። በጽሑፉ ራስጌ ላይ ከየትኛው ወረቀት እንደ ተወሰደ፣ እነማን እንዳረሙትና በየትኛው ቀን እንደ ታረመ ጻፉ። ማንበብ ያቃታችሁን ቃል በግምት አትሙሉ፤ ቦታውን በነጥብ ሞልታችሁ «አልተነበበም» በሉ። ዋናው ወረቀት ያለው ሰው አንድ ቀን ሊሞላው ይችላል።